ሰው ያልሞተበት ድንኳን

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ጥሩንባ ነፊው ነው፤ ቀጥሎ እኔ እሰማለሁ። ከዚያ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹና ሳህኖቹ በእኔ እጅ ይወጣሉ፣ በእኔው እጅ ይመለሳሉ። ይህን ሥራ የሰጡኝ ተምራለች ብለው አይደለም፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የሰጡኝ አንድ ሳህን ጎድሎ ቢመለስ ማን ቤት እንደቀረ ሳላውቅ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። ለባለ ፎቁም ለጉልት ነጋዴዋም የሚወጣው ያው አንድ ድንኳን ነው። ባለ ፎቁ ድንኳኑ ሁለት ቀን ይጨመርልኝ ካለ፣ ለጉልት ነጋዴዋም ካልተጨመረ አይሆንም እላለሁ። በዚህ የተቀየሙኝ አሉ። ይቀየሙ።

ስለዚህ መስቀል ካለፈ በኋላ ጥቂት ወጣቶች ደጄ መጥተው ድንኳኑን ለአንድ ቀን አውሽን ሲሉኝ፣ ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልሞተም አሉ። የሰፈር የጥበብ በዓል ልናዘጋጅ ነው አሉ።

መሪያቸው ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ከእጇ ቀለም አይጠፋም፤ እኔ የማሽኑ ቀለም ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሥራ ስትገባ ሥዕል ትሥላለች። የሰፈሩ ሰው በእጁ የሚሠራውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰቅለው ሰው እንዲያየው ነው የፈለጉት። ስታስረዳኝ ማዘር፣ ማዘር ትለኛለች። ማዘር የሚኒባስ ረዳት አነጋገር ነው፣ አልወደውም አልኳት። ይቅርታ ጠይቃ እማማ አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ረሳችና ማዘር አለችኝ።

ማን ይከፍላችኋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ማንም አሉ። ታዲያ ምን ታገኙበታላችሁ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ይህን የጠየቃቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ልጅቷ "እንጃ፣ ደስ ይለናል" አለች።

ነገሩ ከነከነኝ። ሰው ለለቅሶ በነፃ ይሠራል፤ ነገ በእሱም ቤት አለና። ለሠርግ ይሠራል፤ ይበላል፣ ይጨፍራል። እነዚህ ግን የሰው በር እያንኳኩ ምን ትሠራላችሁ እያሉ የሚዞሩት ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ለእድሩ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ያቀረብኩት እኔ ራሴ ነኝ። ልጆቹን ለመርዳት ነው ብል ውሸት ይሆናል። ምን ሊሆን እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ። ሰው ከሞተ ግን ድንኳኑ ወዲያው ተነቅሎ ሐዘንተኛው ቤት እንዲሄድ ተስማማን። አንደኛው ልጅ በዓሉን በእድሩ ጥሩንባ እንክፈተው ብሎ ነበር፤ እሱን ከለከልኩ። ያ ጥሩንባ ከተነፋ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚመጣው አልኩት። ጥሩንባውን ስቀማቸው ስጋቱ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እኔም በራሴ አንድ ነገር አስገደድኳቸው። በድንኳኑ ውስጥ ዙሪያውን በሚወጠረው ገመድ ላይ እያንዳንዱ ቤት እኩል ቦታ ያገኛል፤ ቦታውም በዕጣ ይወጣል። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ቆንጆ ቆንጆውን ልንሰቅል አስበን ነበር አሉ። ቆንጆውን ማን ወሰነ አልኳቸው። ዕጣ ተጣለ። የልጅቷ የራሷ ሥዕል ጥግ ላይ፣ ምሰሶ የሚጋርደው ቦታ ላይ ወጣ። አልተከራከረችም። እዚያ ላይ ወደድኳት።

ከየቤቱ የወጣው ነገር ብዙ ነው። ሌማት፣ የስግደት ምንጣፍ ላይ የተጠለፈ ጥልፍ፣ ከቀንድ የተሠራ የክትፎ ማንኪያ፣ የልጅ ልጆቼ የሠሯቸው የሽቦ መኪኖች፣ ወረቀት ላይ የተሣለ ተራራ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረሙኝ ግን አሮጌ ላሜራዎች ናቸው።

ከእኔ ቤት ፊት ለፊት የሚኖረው ሰውዬ የታፔላ ሰዓሊ ነበር። የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የፀጉር ቤቱን ጎረምሳ፣ የልብስ ሰፊዋን ሴትዮ፣ የጎሚስታውን ጎማ የሣለው እሱ ነው። አሁን ሁሉም በማሽን የታተመ ባነር ሰቅሏል። እሱም እግሩ አልታዘዝ ብሎት ከአልጋ ከዋለ ቆይቷል። ወጣቶቹ አሮጌ ታፔላዎቹን ፍለጋ ከተማውን አሰሱ። አንዱን የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ አገኙት፣ አንዱን ጎሚስታው ጭቃ ላይ አንጥፎት ይተኛበታል፣ ከመኪና ሥር ሲገባ። አንዱ የተገኘው እኔው ቤት ነው፤ ማገዶዬን ከዝናብ የምከልልበት ላሜራ። ገልብጬ ስለማስቀምጠው የፀጉር ቤቱ ጎረምሳ እንጨቴን ቁልቁል እያየ ስንት ክረምት አሳልፏል። ልጅቷ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ፈገግታው ብቅ አለ።

ስለዚያ ፈገግታ ድሮም እጠይቅ ነበር። የዚህ ሰውዬ በሬ ሁሉ ይስቃል። በአንድ በኩል ብቻ ከፍ ያለች፣ ነገር የምታውቅ ፈገግታ ናት። ሊታረድ የተወሰደ በሬ ምን ያስቀዋል እያልኩ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ፊት ለፊት እየኖርን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ድንኳኑን በእሱ በር ትይዩ ለመትከል ያሰቡት ወጣቶቹ ናቸው። ምንም ሳይነግሩት በሩን ከፍተው ከአልጋው ላይ ሆኖ ሥራዎቹን እንዲያይ ሊያደርጉ ነው። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። የዕድሜዬን ያህል ለቅሶ የደረስኩ ሴት፣ የታመመ ሰው በር ላይ የእድር ድንኳን ሲተከል ምን እንደሚመስል ሳላስብ ቀረሁ።

ጠዋት ድንኳኑ ቆመ። ሥዕሎቹ ገና ተሰቅለው ሳያልቁ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አዩን። ዘንቢላቸውን ደጅ አስቀምጠው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሽማግሌ "እግዜር ያጥናችሁ" አሉና ከወጣቶቹ አንዱን ጨበጡት። ልጁም አሜን አለ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ሰላምታ ሰጥቶ ገብቶ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። የሞተ የለም ብለን ብናስረዳም ሰው ድንኳን ውስጥ አንዴ ከተቀመጠ ወዲያው መነሳት ነውር ይመስለዋል። ቁጭ አሉ። ሥዕሎቹ ከጀርባቸው፣ እነሱ ፊት ለፊት እየተያዩ።

ልጅቷ ተነሱና እየዞራችሁ እዩ ብትል ማንም አልተነሳም። እኔ መሳቅ ጀምሬ ነበር። ሳልጨርስ ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ሰማሁ።

የሰውዬው ልጅ ናት። ወልቂጤ ታስተምራለች፤ የዚያን ቀን አባቷን ልትጠይቅ መምጣቷን ማናችንም አላወቅንም። ከሚኒባስ ስትወርድ ያየችው በአባቷ ደጅ የተተከለ የእድር ድንኳንና ውስጡ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ቦርሳዋን መንገድ ላይ ጥላ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ በመካከላችን አልፋ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ሲቆም ነው እኔ የደነገጥኩት፤ ያደረግነው ያን ጊዜ ገባኝ።

ተመልሳ ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። ማንንም አላነጋገረችም። በቀጥታ ወደ ጥግ ሄዳ የድንኳኑን ካስማ በሁለት እጇ ነቀለችና ከመንገዱ ባሻገር ወደ ቦዩ ወረወረችው። ጥጉ ወደቀ። ሁለተኛውን ልትነቅል ስትል ፊቷ ቆምኩ።

"እማማ፣ ዞር በዪልኝ" አለች። "በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ይተከላል? እናንተ ሞት ጠርታችሁበታል፣ አንድ ነገር ቢሆን እኔ እናንተን ነው የማውቀው።"

የፎቶ ኮፒዋ ልጅ እያለቀሰች ይቅርታ ትጠይቃለች። እንነቅላለን፣ አሁኑኑ እናነሳለን ትላለች። ሌሎቹ ስንት ቀን የለፋንበት ነው ብለው ያጉተመትማሉ። ነፋሱ ተነስቷል፤ ያለ ድንኳን እነዚያ ወረቀቶች ቀትር አይደርሱም። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። መምህርቷ የፈራችው ለአባቷ ነው፤ በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የቀረ ሰው የላትም። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ሰውዬው ሁላችንም እንጮሃለን፣ ሰውዬውን የጠየቀ የለም። ወጣቶቹም አልጠየቁትም፣ ልጁም አልጠየቀችውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

"አንድ ካስማ ነቅለሻል፣ ይበቃል" አልኳት። "ሌላው እሱ ተጠይቆ ነው።"

ገባሁ። ትራሱን ተደግፎ፣ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከእኔ ያንሳል፤ እትዬ ነው የሚለኝ።

"እትዬ፣ ልጄ ምን ሆና ነው አቅፋኝ ስታለቅስ የነበረችው? ማን ሞተ?"

"አንተ" አልኩት።

ሬዲዮውን ቀነሰው። "መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ትንሽ አሰበ። "ብዙ ሰው መጣ?"

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ታፔላዎቹ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተቀየመ መሰለኝ። ልጅህ ድንኳኑ ይነሳ ትላለች፣ ወጣቶቹ ይቆይልን ይላሉ፣ ነገሩ ያንተ ስለሆነ አንተ ወስን አልኩት። ክፉ ምልክት ነው ካልክ በራሴ እጅ እነቅለዋለሁ አልኩት። ይህን ስል ከልቤ ነበር።

"የሥጋ ቤቱ በሬ አለ?" አለ፣ ከግድግዳው ሳይዞር።

"አለ።"

"ሸሚዜን አቀብዪኝ።"

ልጆቹ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጡት። መምህርቷ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አባባ፣ እባክህ ብላ ለመነችው። እጇን ያዝ አድርጎ ሞትን ሊያይ የሚሄድ ቢሆን ፀጉሩን ያበጥር እንደነበር ነገራት። እሷ አልሳቀችም። እዚያ ድንኳን ውስጥ እግሬን አላስገባም አለች።

የወደቀው ጥግ ቀረ። ካስማውን ቦዩ ውስጥ ፈልገን አጣነው። አንዱ ልጅ ገመዱን ድንጋይ ላይ እንሰረው አለ። አይሆንም አልኩ።

"የነቀለችው ትያዘው።"

መምህርቷ አየችኝ። እኔም አየኋት። የሰው ልፋት እንዲሁ ወደ ቦይ አይወረወርም፤ ከፈራች ደግሞ ከውጭ ሆና አባቷን እያየች ትጠብቀው፤ ይህንኑ ነገርኳት። ገመዱን ከመሬት አንስታ ወገቧ ላይ አዞረችውና ወደ ኋላ ተደግፋ ቆመች። ጥጉ ተነሳ። ከድንኳኑ ውጭ ናት፣ ግን ሁሉንም ታያለች።

ሰውዬው ከበሬው ፊት ለፊት ተቀምጦ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከጎረቤት ከተማ ከቡኢ የመጡ ሐዘንተኞች ደረሱ። ድንኳኑን ያየ የሚኒባስ ረዳት ነው ወሬውን ይዞላቸው የሄደው። ከፊት ታላቅ እህቱ አሉ፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያሉ ገብተው ከወንድማቸው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። 

"እህቴ፣ ደህና መጣሽ?" አላቸው።

እሳቸው መጀመሪያ ጉንጩን ዳሰሱት፣ ቀጥለው ትከሻውን በጡጫ መቱት። "ከቡኢ ጀምሬ ነው ያለቀስኩት" አሉ። "ያለቀስኩትን መልስልኝ።" ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡና እንደገና አለቀሱ፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

ያን ጊዜ አግዳሚዎቹን አስዞርኩ። ሰዉ ከተቀመጠ አይነሳም፤ እንግዲያው ወንበሩ ይዙር አልኩ። ጀርባ የነበረው ሸራ ፊት ሆነ። የእኛ ሰው ደግሞ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ያውቅበታል፤ ሳይነጋገር፣ ሳይቁነጠነጥ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። በዚያው አቀማመጡ ሥዕሎቹን ማየት ጀመረ። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ያየችው የሥዕል ማሳያ ቤት ሰው ቆሞ በጨረፍታ እያየ የሚያልፍበት እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝ። እንደዚህ የታየ ሥዕል አይቼ አላውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዲት የቡኢ ሴት ተራራውን ስታይ ቆይታ፣ ይህ በጥያ በኩል የሚወርደው መንገድ ነው፣ ይቺ ዛፍ ግን ተቆርጣለች አለች። ቀንድ ማንኪያውን ያዩ ሁለት ወንዶች ስለ ቀንዱ ዕድሜ በሹክሹክታ ተከራከሩ፤ ድንኳን ነውና ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ችግሩ ሁሉም በበሬው በኩል መታፈጉ ነው። ጥጉ ባዶ ነው። ይህ ደግሞ ልክ አይደለም፤ ዕጣ ያወጣነው ለዚህ አይደለም። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ እጄን አጨበጭብና አንድ አግዳሚ እንዲሸጋሸጉ አደርጋለሁ። ቅር ያላቸው ነበሩ። ሽማግሌው ገና የሽቦ መኪናውን አላየሁም ብለው ተከራከሩኝ። ተራዎ ተመልሶ ይደርሳል አልኳቸው። እንዲህ እየዞሩ ጥጉም ሰው አገኘ። የልጅቷ ሥዕል የፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት ነው፤ ከውስጥ ሆና የምታየው ወረፋ፣ በጭጋጋማ መስታወት። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተቀመጥኩበትና ከወረፋው ውስጥ የራሴን ነጠላ አወቅኩት። ስቆጣ ነው የሣለችኝ። ልክ ናት፤ ያን ቀን አንዱ ተራ ሊያልፈኝ ሲል ነበር።

ሰውዬው ግን ከበሬው ፊት አልተነቃነቀም። እሱን አላሸጋሸግኩትም። ይህ አድልዎ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ነው።

አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኩት። "ይህ በሬ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው?"

በሬውን እያየ መለሰልኝ፤ ድምፁ ቀስ ያለ ስለሆነ ድንኳኑ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሰማው። በሬውን ሥጋ ቤት ሄዶ ያየዋል፣ ቀንዱንም ሻኛውንም ይሥለዋል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይበላሽበት ነበር። የሰው አፍም እንደዚያው። ቁጭ ብሎ አፉን የሚያሳየው ሰው አላገኘም። "የጢሜን መላጫ መስታወት ላሜራው አጠገብ አቆምና የራሴን አፍ እሥለዋለሁ" አለ። "ሌላ አፍ አልችልም።"

ሰው ሁሉ ዞረ። መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ ጎረምሳውን፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን አየ፤ ከዚያ እሱን። በአንድ በኩል ከፍ ያለችው ያቺ ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበረች። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ያልኩት አፍ ነው። ማገዶዬን የጠበቀልኝም እሱ ነው።

እህቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "እና እኔ ቡታጅራ በመጣሁ ቁጥር ሥጋ የገዛሁት ያንተን አፍ እያየሁ ነው?" አሉ።

የመጀመሪያው ሳቅ የመጣው ከውጭ ነው። ዞር ስል መምህርቷ ናት፤ ገመዱን ወገቧ ላይ እንዳዞረች ትስቃለች፣ አፏ በአንድ በኩል ከፍ ብሏል፣ እንባዋ ይወርዳል። ስትስቅ ገመዱ ላላ። ሸራው እንዳለ ጥግ ላይ በተቀመጡት ራስ ላይ ወረደ፤ ሽማግሌው ከነ ባርኔጣቸው ጠፉ። እሷ ደንግጣ ገመዱን ጥላ፣ ሸራውን ገልጣ ልታወጣቸው ስትል ራሷን ድንኳኑ ውስጥ አገኘችው። አየኋት። አልወጣችም። አባቷ አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገላት።

ጥጉ እስከ ማታ እንደ ወደቀ ቀረ። ማንም ድንጋይ ላይ ይታሰር አላለም።

ድንኳኑን ስረከብ አንድ ካስማ ጎደለኝ። መምህርቷ በሚቀጥለው ስትመጣ ከወልቂጤ አናጢ አሠርታ አመጣችልኝ፤ በቀጥታ ግን ወደ እኔ አልመጣችም። አባቷ ጋ ይዛው ገብታ ነበር። ካስማው እጄ ሲገባ ከአናቱ እስከ ግማሹ ቢጫ ተቀብቷል፤ አናቱ ላይ ያቺ አፍ አለች። የሣላት እሱ ራሱ ነው።

የእድሩ ሽማግሌዎች ለለቅሶ ድንኳን ቢጫ ካስማ አይሆንም ብለው አጉረመረሙ። ካስማ መሬት የሚገባ ነገር ነው፣ ማን ያየዋል አልኳቸው። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ አናቱ ብቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ለሁለት ቤት ለቅሶ ወጥቷል፤ የእሱ ቤት አይደለም። ያንን ካስማ የምመታው እኔ ነኝ፣ ለማንም አልሰጥም። መዶሻው ያቺን አፍ እየላጣት ስለሆነ ጎን ጎኑን ነው የምመታው።